የእህቴ አንደበትና የበርሜሉ ጭስ

እህቴ አንደበቷ የተያዘው በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያው መሃል፣ ከአንድ ገዢ ጋር ዋጋ እየተከራከረች ሳለ ነው። ሰውየው ከክፍለ ሀገር የመጣ ነጋዴ ነበር። የውሃ በርሜል ፈልጎ፣ አንዱን በጣቱ እያንኳኳ «ይሄ እኮ ታቹ ሳስቷል» ይላታል። እሷም እንደ ልማዷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ልትመልስለት አፏን ከፈተች።

«ይሄማ በርበሬ ነው» አለችው።

ሰውየው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እህቴ ገዢ የምትይዘው በጨዋታ ስለሆነ ሆን ብላ ያለችው ነበር የመሰለን። እሷ ግን አልሳቀችም። ግንባሯን ቋጠር አድርጋ፣ የተሳሳተ ነገር መናገሯን እንደሰማች ሁሉ፣ «በርበሬ... በርበሬው...» እያለች ደጋገመችው። በቀኝ እጇ ይዛው የነበረው የበርሜል ክዳን ወድቆ ድንጋዩ ላይ ጮኸ። ላነሳ ብላ ጎንበስ ስትል በዚያው በቀኝ ጎኗ ተደፋች። ሮጬ ሳቀናት አፏ ወደ ግራ ተጣሟል። ዓይኗ ግን ያየኛል። አሁን ድረስ የማልረሳው ያንን አስተያየቷን ነው፤ ሰው ቤቱ ተቆልፎበት ውጭ ሲቀር እንደሚያየው ነበር የምታየኝ።

ቦታችን ምን አለሽ ተራ ነው። ሌላው ሰው የጣለውን ብረት፣ ቆርቆሮና ጣሳ የሚቀጠቅጥ፣ የሚቆርጥ፣ ወደ ምድጃና ወደ ማሰሮ ክዳን የሚለውጥ ሕዝብ ያለበት ሰፈር ነው። እህቴና ባሏ የያዙት የበርሜሉን ሥራ ነበር። በርሜሉ ዘይት ወይም ቀለም ወይም ምንነቱን የማናውቀው ሽታ ይዞ ይመጣል። እሱን ውሃና ሳሙና አያነሳውም። ሰጋቱራ ይጨመርበታል፣ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ይጣልበታል፣ ነጭ ጋዝ ይርከፈከፍበትና ይለኮሳል። ውስጡ ያለው ሁሉ ተቃጥሎ ሲያልቅ በሽቦ ብሩሽ ይፈተጋል፤ ከዚያ ለውሃ መያዣ ይሸጣል። እሳቱን የሚለኩሰው ባሏ ነው። እሷ ትገዛለች፣ ትሸጣለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትናገራለች።

እህቴን እታለም ነው የምላት፤ ባሏን ጋሼ። እናታችን ወሎ ውስጥ በልጅነቴ ስትሞት ከእኔ ቀድማ አዲስ አበባ የገባችው እሷ ነበረች። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ሰው ልካ አስመጣችኝ። ስመጣ ከራሴ ላይ የገጠሩን አቧራ ያጠበችልኝ፣ ገበያ ውስጥ እንዴት እንደሚራመዱና እንዴት እንደሚሰደቡ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ ይፈሯታል፣ ይወዷታልም። አንድ ጊዜ አንድ ደላላ የሰውን ዕቃ የራሱ አስመስሎ ሊሸጥላት ሲሞክር፣ አንድም የስድብ ቃል ሳትናገር እያመሰገነች ብቻ ከተራው አስወጥታዋለች። ምላሷ እንጀራዋ ነበር ማለት ይቻላል።

ጭሱ መጀመሪያ ነጭ ይሆናል፣ ጎማው ሲይዝ ይጠቁራል። እኛ ብቻ አይደለንም፤ በተራው የሚያቃጥሉ ብዙ ናቸው። በዚያ ላይ በመንገዱ የሚያልፈው ጭነት መኪና ሁሉ የራሱን ይጨምርበታል። ማታ ስንናፈጥ መሐረባችን ላይ የሚቀረው ጥቀርሻ ነው። ወተት ጭስ ያጥባል ስለሚባል ስናገኝ ወተት እንጠጣለን። እታለም ራሷን ያማት ስለነበር ሻሿን ጥብቅ አድርጋ ታስራለች። አንድ ክሊኒክ ደም ብዛት አለብሽ ብለው ኪኒን ሰጥተዋት ነበር፤ ሲያልቅ ተሽሎኛል ብላ ተወችው። ጭሱን እንደ ሕመም የቆጠረው ሰው ከመሃላችን አልነበረም። የሥራው ጠባይ ነው የሚመስለን፤ ስጋ ቤት ደም እንዳለ ሁሉ።

የሚቃወመን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከቆርቆሮ አጥራችን ጀርባ የሚኖሩ፣ እትዬ የምንላቸው ባልቴት። ራጉኤል ሲሄዱ የሚለብሱት ነጠላ እየጠቆረባቸው፣ ያሰጡት ልብስ እየተበላሸባቸው ሁልጊዜ አጥሩን በዱላ ይደበድቡታል።

«አንቺ ሴትዮ! ልትገይኝ ነው ወይ? እኔ አንቺ ባቃጠልሽው ልሙት?»

«እትዬ፣ አየሩ የመንግሥት ነው፤ ቀበሌ ሄደው ይክሰሱ!» ትላቸዋለች እታለም ከዚህ ወገን።

«ቀበሌውስ አፍንጫ አለው እንዴ?» ይሉና ሳቃቸው ያመልጣቸዋል። እሷም ትስቃለች። በዓል ሲሆን ግን አይነጋገሩም። እኛ የኢዱን ስንልክ እትዬ ሰሃኑን ሳይከፍቱ ይመልሱት ነበር። እንግዲህ የጎረቤት ጠብ እንዲህ ነው።

ያን ቀን እታለም ስትወድቅ ተራው ሁሉ ተሰበሰበ። ምች ነው ያለ አለ፣ ዓይነ ጥላ ነው ያለ አለ። አንዱ ውሃ ረጨባት፣ ሌላው ሎሚ አሸተታት። ጋሼ ጥቀርሻ በለበሰ እጁ ደግፏት፣ «ሼሁ ጋ እንውሰዳት፤ ይቀሩባትና ይለቃታል» ይላል።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ሆስፒታል። ቁርአኑን እዚያም ይቀሩላታል» አልኩት። እንዲህ ደፍሬው አላውቅም። ቀና ብሎ አየኝና ልናነሳት እግሯን ያዘ።

በኮንትራት ላዳ ወሰድናት። መንገዱ ተዘጋግቷል። ከፊታችን የቆመ አውቶቡስ ተንቀሳቀሰ ባለ ቁጥር ጥቁር ጭሱን በመስኮታችን ያስገባዋል። መስኮቱ የተሰበረ ስለሆነ አይዘጋም። ሻርፔን አውጥቼ አፍንጫዋን ሸፈንኩላት። በግራ እጇ እጄን ያዘችኝና የሆነ ነገር ተናገረች፤ ቃሉ ቃል አልነበረም።

ሆስፒታል የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ናት። ከመረመረቻት በኋላ እኔንና ጋሼን ወደ ኮሪደሩ ጠራችን።

«ስትሮክ ይባላል» አለች። «ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር ተዘግቶ ነው። ግፊቷም ከፍተኛ ነው። ሲጋራ ታጨሳለች?»

«ሲጋራ? ምን በወጣት!» አለ ጋሼ ተቆጥቶ።

«አትቆጡኝ፣ ሁሉንም የምጠይቀው ነው። ሥራዋ ምንድን ነው?»

እኔ ነገርኳት። በርሜሉን፣ ጎማውን፣ ጭሱን። መጻፏን አቁማ ሰማችኝ። በየቀኑ ነው ወይ አለችኝ፤ በየቀኑ አልኳት። ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ናት ወይ አለችኝ፤ እዚያው ናት አልኳት።

«ጭሱ ብቻውን ጣላት ብዬ ልምልልሽ አልችልም» አለች ድምጿን ቀንሳ። «ግፊቱ ነበረባት፣ መድኃኒቱን አቋርጣለች። ግን ጭስ ሳንባ ላይ ብቻ የሚቆም አይምሰልሽ። ደቃቁ ደም ውስጥ ይገባል። ደም ሥርን ያቆስላል፣ ግፊትንም ይጨምራል። በአንድ ቀን ሳይሆን ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

ጋሼ ግድግዳውን ተደገፈ። «ዶክተር፣ እሳቱን የምለኩሰው እኔ ነኝ። ከእሷ ይልቅ እኔ ነኝ ጭሱ ላይ የምቆመው። ጭስ የሚጥል ከሆነ እኔ ለምን ቆምኩ?»

«ለምን እሷ ሆና እርስዎ እንዳልሆኑ አላውቅም» አለችው። «ግን ክንድዎን ይስጡኝ።»

እዚያው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ግፊቱን ለካችው። መለኪያውን አየች፣ እንደገና ለካችው። ከዚያ ካርድ እንዲያወጣ ነገረችው። ጋሼ ክንዱን እንደ ሌላ ሰው ክንድ እያየ፣ እጅጌውን ሳያወርድ ብዙ ተቀመጠ።

እታለም ከሆስፒታል ስትወጣ ቀኝ እግሯን እየጎተተች ነበር። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ተኝቶ ይውላል። ንግግሯ ግን አልተመለሰም። የምንላትን ሁሉ ትሰማለች፣ ትረዳለች፤ መልሱን ስትፈልገው ግን አታገኘውም። ውሃ ስትፈልግ «በር... በር...» ትልና በንዴት ታለቅሳለች። ያቺ ገበያውን በምላሷ የምትገዛ ሴት አንዲት ቃል ፍለጋ ላብ እስኪያጠምቃት ትታገላለች። ተማሪ ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እታለም ስሟን ልትጠራ ትሞክራለች። ልጅቱ አጠገቧ ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች፤ በመጨረሻ «እሺ እማዬ፣ እኔ ነኝ» ትላትና ደረቷ ላይ ትለጠፋለች።

ከሁሉ የሚገርመው ጸሎቱ ነበር። ስትሰግድ ተቀምጣ ነው፤ ከንፈሯ ላይ ግን ሱረቱ አንድም ሳይጎድል ይወርዳል። «አልሐምዱሊላህ» ትላለች ጥርት አድርጋ። «ውሃ» ማለት ያቃታት ሴት! ሐኪሟን ስጠይቃት እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያጋጥም ነገረችኝ፤ ከልጅነት ጀምሮ በዜማ የተያዘ ነገር አንዳንዴ በሌላ በኩል ይተርፋል አለችኝ። ጋሼ ግን በራሱ መንገድ ነበር የተረጎመው። «አላህ ከእሱ ጋር የምትነጋገርበትን ትቶላታል፤ ከእኛ ጋር የምትነጋገርበትን ነው የወሰደው» አለኝ።

አንድ ሐሙስ ሰፈር ያሉ የወሎ ሴቶች ዱዓ ሊያደርጉላት ቤታችን ተሰበሰቡ። ድቤ ይዘው መንዙማ ጀመሩ። እኔ ከጓዳ ሰሃን እያጠብኩ ነበር። መሃል ላይ አንድ የማውቀው ድምፅ ከሌሎቹ ድምፆች ላይ ከፍ ሲል ሰማሁ። ሰሃኑን ጥዬ ወጣሁ። እታለም ናት። ዓይኗን ጨፍና፣ በግራ እጇ ጉልበቷን እየመታች፣ እናታችን ትለው የነበረውን መንዙማ ቃል በቃል ታወርደዋለች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ዝም አሉና ድቤው ብቻ ተከተላት። ስትጨርስ ቤቱ በልቅሶ ተሞላ። እሷ ግን ፊቷ በርቶ አንድ በአንድ አየችን፤ የዳነች መስሏት ነው። ወደ እኔ ዞራ ልትነግረኝ አፏን ከፈተች።

«በር...» አለች። «በርበ...»

ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁት። እንደዚያ ቀን ልቤ ተሰብሮ አያውቅም።

በማግስቱ እትዬ መጡ። በአጥሩ ሳይሆን በበሩ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ በሰሃን የአጃ ሾርባ ይዘው ነበር። እታለምን ባዩዋት ጊዜ ሾርባውን ለእኔ ሰጡኝና አጠገቧ ተቀመጡ።

«ትናንት ድምፅሽን ሰማሁት» አሉ። «ደህና የሆንሽ መስሎኝ ልሰድብሽ ነው የመጣሁት።»

እታለም ሳቀች። ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው የሚስቀው። ከዚያ በግራ እጇ የእትዬን ነጠላ ጫፍ ያዘችና ጥቁር ነጥብ ያለበትን ቦታ ፈልጋ አገኘችው። ነጥቡን በአውራ ጣቷ ታሸዋለች፣ ልታስለቅቀው እንደምትፈልግ ሁሉ ደጋግማ ታሸዋለች። ልትነግራቸው የፈለገችው ነገር ገብቷቸዋል።

«ተይው፣ ተይው። አይለቅም እሱ» አሉና እጇን ከነነጠላው ጨብጠው ያዙት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይመጡ ነበር። እኔ በእሷ ፈንታ በርሜል ልሸጥ ሱቅ ስውል የሚያጎርሷት እሳቸው ናቸው። ሃይማኖታችን ስለሚለይ ሥጋ አያመጡም፤ ምስር፣ ሾርባ፣ ፍራፍሬ ነው የሚያመጡት። እታለም አፏን ስትዘጋባቸው «ብይ! አፍሽን የያዘብሽ ለመናገር እንጂ ለመብላት አይደለም» ይሏታል።

ያኔ ነው ከጋሼ ጋር የተጣላነው። እታለም ከወደቀች ወዲህ እሳት አልለኮሰም ነበር። ያለቀለት በርሜል አልቆ የሚሸጥ ሲጠፋ ግን አንድ ጠዋት ሰጋቱራውን ተሸክሞ ሲወጣ አየሁት። በሩ ላይ ቆምኩበት።

«ጋሼ፣ ሐኪሟ ያለችውን ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ። መድኃኒቱን በምን ልግዛው? ልጅቱን በምን ላስተምራት? ከዚህ ሌላ ሙያ አለኝ?»

«እሷስ? ራስህስ?»

«እኔ ባላቃጥል እነዚያ ማቃጠላቸው ይቀራል?» ብሎ በእጁ ተራውን አሳየኝ። እውነቱን ነው። በዚያች ሰዓት እንኳን ከሦስት ቦታ ጭስ ይወጣ ነበር።

ስንጯጯህ እታለም በዱላዋ እየተደገፈች ወጣች። ሁለታችንንም አየችን። እኔ ከእኔ ጋር የምትወግን መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በዱላዋ ጫፍ ወደ በርሜሎቹ እያመለከተች ባሏን «ሂድ» የማለት ምልክት ሰጠችው። ለኩስ ማለቷ ነው። ልጅቱን አሳየችው፣ አፏን አሳየችው፤ ምን እንብላ ማለቷ ነው። ጋሼ ሰጋቱራውን እዚያው መሬት ላይ አስቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የጣላት ጭስ እንዲነሳ የምትለምነው ራሷ ናት።

ያን ቀን አልለኮሰም። ከሳምንታት በኋላ በርሜሉን ትቶ የዘይት ጀሪካን መግዛት ጀመረ፤ ጀሪካን በሳሙናና በአሸዋ ታጥቦ ይሸጣል፣ እሳት አያስፈልገውም። ትርፉ ትንሽ ነው፣ ሻጩም ብዙ ነው። ኑሯችን ዝቅ አለ፤ ከሁለቱ ክፍል አንዱን አከራየነው። ግን የእኛ እሳት ጠፋ። እትዬ ከእኛ በኩል ጭስ ሳያዩ ሲውሉ አጥሩን በፍቅር መታ መታ አድርገው «እግዜር ይስጣችሁ» አሉን።

ጭሱ ግን አልቀረም። ከላይም ከታችም ይመጣል። እኔና እትዬ አንድ ቀን ተደፋፍረን የተራውን በርሜል ሠሪዎች ልናነጋግር ሄድን። ቢያንስ ጎማውን ተዉት፣ ቢያንስ ቤት በሌለበት አቃጥሉት አልናቸው። ሰደቡን ማለት አልችልም፤ በአክብሮት ነው የሰሙን። ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ፣ ዓይናቸው በጭስ የቀላ፣ «ልጄ» አሉኝ፣ «እህትሽ የእኛም እህት ናት። ግን ቦታ ስጡን ብለን ያልሄድንበት ቢሮ የለም። ሜዳ የት አለ? ከተማው እኮ እየጠበበ ነው። ካላቃጠልኩ ዛሬ ማታ ልጆቼ ይራባሉ፤ ካቃጠልኩ የምሞተው መቼ እንደሆነ እንኳ አላውቀውም። አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትመርጫለሽ?»

በመጣንበት ተመለስን።

እታለም ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖራለች። ጀሪካኖቹ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በጣቷ ዋጋ እያሳየች ትሸጥ ነበር። አንዳንድ ቃል ተመልሶላታል፤ «ና»፣ «ውሰድ»፣ «አይሆንም»። «አይሆንም» ስትል የድሮ ድምጿ ነበር። መድኃኒቷን አንድ ቀን አቋርጣ አታውቅም፤ እኔ ነበርኩ የምቆምባት። ቢሆንም ሁለተኛው ስትሮክ መጣ። ለጠዋት ስግደት ውዱእ ልታደርግ ውሃ ስትቀዳ ወደቀች፤ ሆስፒታል ሳንደርስ ነፍሷ ወጣች።

በዚያው ቀን ኮልፌ ቀበርናት። ለቀብር የወጣው ሕዝብ መንገዱን ሞላው። ስንመለስ እድሩ በራችን ላይ ድንኳን ተክሎ ነበር። በነጋታው ጠዋት ሰዎች እየገቡ «አላህ ይማራት» እያሉ ሲቀመጡ ጭሱ ወደ ድንኳኑ ገባ። ሁሉም መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ እኒያ ዓይናቸው የቀላው ሽማግሌ መጡ። ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ጋሼ አጠገብ ጎንበስ አሉ።

«ለቅሶው እስኪያልቅ አናቃጥልም» አሉት በሹክሹክታ። «ለሁሉም ነግሬያለሁ።»

ጋሼ እጃቸውን ስሞ አመሰገናቸው።

እንዳሉትም አደረጉ። በተራው አንድም እሳት አልነደደም። መጀመሪያ የገባኝ በጆሮዬ ነው፤ የማይቋረጠው የሰው ሳል ቀንሷል። ከዚያ ከእትዬ ጋር ዕቃ ልናጥብ ወደ ጓሮ ስንወጣ እትዬ ቀና ብለው ቀሩ። በቤቶቹ ጣሪያ ላይ፣ በስተሰሜን፣ እንጦጦ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዛፎቹ ሳይቀሩ ይለያሉ።

«ለካ ከዚህ ይታያል» አሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከአጥሩ ማዶ የኖሩ ሴት ናቸው። ብዙ ሰዓት ቆመን አየነው። እኔ እታለምን አሰብኩ፤ ይህንን ሳታይ መሄዷን። ማልቀስ ስጀምር እትዬ ሳሙና ባለበት እጃቸው ራሴን ወደ ትከሻቸው ጎተቱት።

ድንኳኑ ተነቀለ። ወንበሮቹ ወደ እድር ቤት ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ልከፍት ስወጣ ከላይኛው በኩል ነጭ ጭስ ሲነሳ አየሁ፤ ጎማው ሲይዝ ጠቆረ። ሽማግሌው ከርቀት አዩኝ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ። እኔም አንገቴን ደፋሁላቸው። ከዚያ ሻርፔን አፍንጫዬ ላይ አስሬ የጀሪካኑን ሱቅ ከፈትኩ።